ብርዱን ብቻ አንክሰስ

የልዑል አለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክ በእኛ ዘንድ ሲተረክ መዝጊያው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የእንግሊዝ አገር ብርድ ገደለው ይባላል። ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለሁ የሰማሁት እንዲህ ነበር። ዛሬም እዚህ እንግሊዝ አገር ያለን ሐበሾች ተሰባስበን ቡና ስንጠጣ ነገሩ ከተነሣ የሚያበቃው እዚያው ላይ ነው። አንዱ ይተክዛል፤ ሌላው «ይሄ ብርድ ማንን ይምራል!» ይላል፤ ወዲያው ወሬው ወደ ቤት ኪራይና ወደ ልጆች ትምህርት ይዞራል። እኔ የምኖረው ያ የሰባት ዓመት ልጅ ከመርከብ ወርዶ መጀመሪያ በተቀመጠባት ደሴት ላይ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ የወራቱን መለዋወጥ በሰው ትንፋሽና ጉልበት ላይ ሳየው እውላለሁ። ብርዱን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚችው ደሴት አየር ተነሥቼ ላስረዳ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደሴቲቱ እንግሊዞች አይል ኦፍ ዋይት የሚሏት ናት። በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት ትገኛለች፤ ከዋናው ምድር የሚለያት ሶለንት የሚባል ጠባብ የባሕር ሰርጥ ነው። ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዋ 140,000 ያህል ነው። ካርታ ላይ ሲያዩዋት ከምድር ወገብ በጣም ርቃለች፤ በ50 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ናት። ካናዳ ውስጥ ያለችው የዊኒፔግ ከተማ ከእኛ ትንሽ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ሆኖም በዊኒፔግ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪን ያልፋል። እዚህ በዚያው ወር ቀኑ 8 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 4 ወይም 5 ዲግሪ ገደማ ነው። በረዶ ሳይጥል የሚያልፍባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ይህን ያደረገው ባሕሩ ነው። ውኃ ሙቀትን ለመቀበልም ለመልቀቅም ከምድር ይልቅ ይዘገያል። በዙሪያችን ያለው ባሕር በኦገስት መጨረሻ 17 እና 18 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያንን ሙቀት በልግስና እየለቀቀ እስከ ኖቬምበር ድረስ ያቆየናል። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ባሕር የፌብሩዋሪና የማርች ባሕር ነው፤ 8 ወይም 9 ዲግሪ ላይ ይወርዳል። ሴፕቴምበር ከሜይ ይልቅ ይሞቃል። እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ካላወቀ ይሳሳታል፤ ፀሐይ ስትበረታ አይቶ በሜይ ወደ ባሕር ይገባና አጥንቱ ድረስ ይንዘፈዘፋል፤ ዋና የሚያስደስትበት መስከረም ላይ ደግሞ ልብስ ደራርቦ ቤት ይቀመጣል።

የምሠራበት ቬንትነር ከደሴቲቱም የተለየ ጠባይ አለው። ከተማው የተሠራው በደቡብ ጠረፍ፣ በገደልና በባሕር መካከል በተዘረጋ መደብ ላይ ነው። ከኋላው ሴይንት ቦኒፌስ የሚባለው ኮረብታ 241 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል፤ የደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ እርሱ ነው። የሰሜን ነፋስ ሲመጣ በላያችን ያልፋል። ቁልቁለቱ ፊቱን ለደቡብ የሰጠ ስለሆነ ዝቅ ብላ የምትሄደው የዲሴምበር ፀሐይ ቀጥታ ትመታዋለች። ውርጭ እምብዛም አይደፍረውም። በከተማው የዕፀዋት መናፈሻ ውስጥ ዘንባባዎች፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጡ ተክሎች ያለ መስታወት ቤት ሜዳ ላይ ያድጋሉ። በግንቦቹ ላይ የሜዲትራንያን አካባቢ እንሽላሊቶች ፀሐይ ይሞቃሉ። እንግሊዝ አገርን በጉምና በጭጋግ ብቻ ለሚያስብ ወገን ይህን ማሳየት ደስ ይለኛል።

እኔ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ምን እንደሆነ ያደረበት ያውቀዋል። ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ባቄላውን ውርጭ ይመታዋል፤ ውኃ በባልዲ ውስጥ ቆዳ ያወጣል። የቬንትነር የጃንዋሪ ሌሊት ከዚያ ሌሊት ይልቅ የዋህ ነው። ይህን ለአገሬ ሰው ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው፤ እውነት ግን ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በደብረ ብርሃን ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ትወጣና ጋቢውን ታስጥላለች፤ እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን ውስጥ ብርዱም ሙቀቱም ይፈራረቃሉ። እዚህ የቀንና የሌሊት ልዩነት በብርዱ ወራት 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ማለዳ የነበረው ብርድ ቀትርም ላይ አለ፤ ማታም አለ፤ በማግስቱም ይጠብቃል። አይበረታም፣ ግን አይነሣም። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ የአልጋ ልብስ ሲገቡበት እርጥብ ይመስላል።

ከዚህ የሚከፋው ጨለማው ነው። በአገራችን የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሰዓታችንን ራሱ የምንቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው። እዚህ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። የቀን ተረኛ ከሆንኩ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እመለሳለሁ። በጁን ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ ይነጋል፤ ምሽት 3 ሰዓት ካለፈም በኋላ ብርሃን አለ። ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡ ወጣት ሠራተኞችን ሳይ የሚያሳስበኝ ካፖርት መግዛታቸው አይደለም፤ ካፖርቱን ይገዛሉ። የሚያሳስበኝ ኖቬምበር ሲገባ ዝም ማለታቸው ነው። እንቅልፍ ይበዛባቸዋል፣ ስልክ አያነሡም፣ ምግብ ያስጠላቸዋል። ብርድ የመታቸው ይመስላቸዋል። የጎደላቸው ብርሃንና ሰው ነው። ቀትር ላይ፣ ደመናም ቢሆን፣ ወጥተው በባሕሩ ዳር እንዲሄዱ እመክራቸዋለሁ፤ በብርዱ ወራት ብቻቸውን ቤት እንዳይከራዩም እለምናቸዋለሁ።

ዝናቡን በተመለከተ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። ለንደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ የዚህን እጥፍ ያህል ታገኛለች። የደሴታችን ዝናብ ከለንደን ከፍ ይላል እንጂ ከአዲስ አበባ አይደርስም። የአገራችን ዝናብ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተሰብስቦ ይወርድና ይሄዳል። እዚህ በዓመቱ ወራት ሁሉ ተበትኗል፤ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ይጠነክራል። የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፤ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ይህ ለቬንትነር አደጋ ነው። ከኖራ ድንጋዩና ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር የአካባቢው ሰዎች ብሉ ስሊፐር የሚሉት ሸክላ አፈር አለ። ውኃው እስከዚያ ሲደርስ ላዩ ያለው ምድር ወደ ባሕር መንሸራተት ይጀምራል። በፌብሩዋሪ 2014 በጠረፉ የሚያልፈው አንደርክሊፍ ድራይቭ የሚባለው መንገድ ተሰንጥቆ ወረደ። በዲሴምበር 2023 ቦንቸርች አጠገብ ትልቅ ናዳ ደርሶ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ግድግዳቸው የተሰነጠቀ፣ በራቸው አልዘጋ ያለ ቤቶች በየመንገዱ አሉ። ያ ገደልና ያ ቁልቁለት ናቸው ከሰሜን ነፋስ የሚጋርዱን፤ በዝናቡ ጊዜ የሚንደውም ያው ገደል ነው። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ሁለቱንም አብሮ ይቀበላል።

ማዕበልም አለ። በኦክቶበር 1987 የተነሣው ታላቁ ማዕበል በሻንክሊን ከተማ ባሕር ላይ ተዘርግቶ የነበረውን ረጅም የመዝናኛ ድልድይ ሰባብሮ ወሰደው። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2022 ዩኒስ የተባለው ማዕበል ሲመጣ በደሴቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኒድልስ በሚባለው የአለት ጥግ፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 196 ኪሎ ሜትር ተመዝግቧል፤ በእንግሊዝ ምድር እስከዚያ ቀን ከተለካው ሁሉ ይበልጣል። ቦታው ከፍ ያለና የተጋለጠ ስለሆነ ከተማው ውስጥ ያን ያህል አልነበረም። ሆኖም እንዲህ ባለ ቀን ጀልባው ይቆማል፤ ደሴቲቱ ከዓለም ትለያለች። መድኃኒትም ሠራተኛም ከማዶ አይመጣም፤ ያደርንበት ተረኞች እንቀጥላለን። ከምንከባከባቸው መካከል ዕድሜ ልካቸውን በአትክልተኝነት የኖሩ አዛውንት አሉ። በዚህች ደሴት ላይ ብርዱን የሚለኩት በሙቀት መለኪያ ሳይሆን ጀልባ በመቆሙ እንደሆነ ነግረውኛል።

ከዚያ ማርች ይገባል። ፕሪምሮዝ የሚባለው ፈዛዛ ቢጫ አበባ በየጉድባው ይፈካል፤ ዳፎዲል ይከተለዋል፤ ኮረብታው ላይ እሾሃማው ጎርስ በቢጫ ይለብሳል። መስከረም ላይ አደይ አበባ የሸዋን ሜዳ እንደሚያለብሰው ነው። አረጋውያኑን በጋሪ እየገፋን ወደ ባሕሩ ዳር እናወጣቸዋለን። የብርዱን ወራት ሙሉ ያልተናገረች እናት በድንገት ስለ ልጅነቷ ማውራት ትጀምራለች። ይህን በየዓመቱ አየዋለሁ፤ በየዓመቱም ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሜይና ጁን ላይ ሞቅ ያለ አየር በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ ድንገት ጭጋግ ይወርዳል፤ በመሐል ደሴት ኒውፖርት ፀሐይ እያለች እኛ ዘንድ እጅ ተዘርግቶ አይታይም። በደቡባዊው ጫፍ ያለው የሴይንት ካትሪን መብራት ቤት ብርሃኑ በጭጋግ እየተዋጠ መርከበኞች ስላላዩት በ1875 ቁመቱን 13 ሜትር ያህል ዝቅ አድርገውታል።

አለማየሁ ወደዚህ የመጣው በጁላይ 1868 ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በኤፕሪል ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ በሜይ ዐርፈዋል። ልጁን የያዘው እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው ካፒቴን ስፒዲ ነበር። አማርኛ ይናገራል፤ ልጁም እርሱን ሙጥኝ ብሎ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ያየችው በደሴቲቱ ሰሜን ባለው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥቷ ነው። ከዚያም በምዕራብ በኩል ባለው ፍሬሽዎተር ከስፒዲ ጋር ተቀመጠ፤ የታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶውን ያነሣችው እዚያ ነው። ያ ፊት ዛሬ በየመጽሐፋችን ያለው ፊት ነው። የዚያ ዓመት በጋ በእንግሊዝ እጅግ ሞቃት ከሚባሉት አንዱ ነበር። ስለዚህ ልጁ እንግሊዝ አገርን መጀመሪያ ያወቃት በሙቀት፣ በረጅም ቀንና በባሕር ዳር ነው።

ልጁ ደግሞ ለብርድ እንግዳ አልነበረም። መቅደላ ከ2,700 ሜትር በላይ የሆነ አምባ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ነፋስንም የሌሊት ቁርንም ያውቃል። ደጋ ተወልዶ ያደገን ሰው «ብርድ አይችልም» ማለት ለእርሱም ለደጋውም ሕዝብ የማይገባ አነጋገር ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በአየሩ ሳይሆን በወረቀት ላይ ባለው ፊርማ ነው መከተል ያለብን። በ1869 ስፒዲ ሕንድ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ ልጁን ይዞት ሄደ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በእንግሊዝ መንግሥት ውሳኔ ከስፒዲ ተለይቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ቼልትንሃም ገባ፤ በ1874 ወደ ረግቢ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ በ1878 ሳንድኸርስት የመኮንኖች ትምህርት ቤት ገባ፤ እዚያም አልሆነለትም። በመጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ ወደ ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ወደሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ አስተማሪ ዘንድ ተላከ። በኖቬምበር 14 ቀን 1879 በሳንባ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር።

1879 ክፉ ዓመት ነበር፤ ይህን አልክድም። በመካከለኛው እንግሊዝ የሙቀት መዝገብ ከ1659 ጀምሮ ይያዛል፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ እጅግ ቀዝቃዛ ከሆኑት ዓመታት አንዱ ያ ነው። በጋው ዝናባማና ብርዳም ሆኖ አለፈ፤ የመጸው ጠባይ ሳይኖረው ወደ ብርድ ገባ። ሊድስ ደግሞ ከባሕር የራቀች፣ በሱፍና በብረት ፋብሪካ የተከበበች፣ በከሰል ጭስ የታፈነች ከተማ ነበረች። በኖቬምበር አጋማሽ እዚያ የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። በዚያው ሳምንት በቬንትነር ዙሪያ ያለው ባሕር ገና ከ12 ዲግሪ በላይ ይሆናል። እንግሊዝ አገር አንድ አየር ብቻ የላትም። ልጁ ከለዘብተኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ጥግ የሄደው ራሱ መርጦ አይደለም።

ይህን ልዩነት ዛሬ እኛ ነን ያወቅነው የሚል ካለ፣ አይደለም። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ጄምስ ክላርክ የተባለው ሐኪም ገና በ1829 ባሳተመው መጽሐፍ የቬንትነርን አካባቢ አየር ለሳንባ ሕመምተኞች አመስግኖ ነበር፤ ይህ ሰው በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም ሆነ። አርተር ሂል ሃሳል የተባለ ሌላ ሐኪም ራሱ ሳንባውን ታሞ ወደ ቬንትነር መጣ፤ በለንደን ገበያ በምግብ ውስጥ የሚደባለቀውን ባዕድ ነገር በማጉሊያ መነጽር እየመረመረ ያጋለጠ ስመ ጥር ሰው ነው። አየሩ ስለተስማማው ለድሆች ሕመምተኞች ብሔራዊ የደረት ሕመም ሆስፒታል አቋቋመ። ግንባታው የተጀመረው አለማየሁ በዚህች ደሴት በነበረበት ጊዜ አካባቢ ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ የራሱ ክፍል ነበረው፤ ፀሐይና የባሕር አየር እንዲያገኝ ታስቦ። ሆስፒታሉ እስከ 1964 ድረስ ሠርቷል። የተዘጋው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከተገኘ በኋላ ሕመምተኛው ስለቀነሰ ነው። ሕንፃው ፈርሶ ቦታው ዛሬ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የዕፀዋት መናፈሻ ሆኗል።

አንባቢ የሚያውቀውን አንድ ስም ልጨምር፤ ካርል ማርክስ። በ1881 ሳንባውን በዚያው ዓይነት ሕመም ታመመ። ሐኪሞቹ ለንደን ተቀመጥ አላሉትም። ወደ ቬንትነር ላኩት፤ ቀጥሎ ወደ አልጀርስ፤ በ1882 መጨረሻ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቬንትነር። አየሩ አላዳነውም። ዝናቡ አማረረው፤ ሳሉ ጸናበት። በጃንዋሪ 1883 የትልቋን ልጁን ሞት የሰማው በቬንትነር እያለ ነው፤ ወደ ለንደን ተመልሶ በማርች ሞተ። ይህን የምጠቅሰው አለማየሁ ወደዚህ ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር ለማለት አይደለም። ሕመሙ ፈጥኖ የጣለው ስለሆነ ያንን ማንም ማለት አይችልም። የምለው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ሳንባው የሚታሰብለት ሰው በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር፤ አገር የለሽ ስደተኛ የነበረው ማርክስ እንኳ ወዳጅና ልጆች ስለነበሩት ይህ ታስቦለታል። ንግሥቲቱም የገናን በዓል ራሷ በዚህች ደሴት ነበር የምታሳልፈው፤ በ1901ም የሞተችው እዚሁ ኦዝቦርን ውስጥ ነው። በእርሷ ጥበቃ ሥር ነው የተባለው ልጅ ግን ኖቬምበርን ሊድስ ነበር።

በሥራዬ ያየሁትን ልናገር። በዚህ አገር በብርዱ ወራት የሚሞተው ሰው በሙቀቱ ወራት ከሚሞተው ይበልጣል። ኦክቶበር ሲገባ የጉንፋን ክትባት እንሰጣለን፣ የክፍሉን ሙቀት እንለካለን፣ ምሽት ላይ ማን በደንብ እንዳልበላ እንመዘግባለን። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት አዛውንት አንድ ዓይነት ብርድ ይወርድባቸዋል። አንዱን ጎረቤት በየማለዳው ያንኳኳበታል፤ ሲያስል ሐኪም ይጠራለታል። ሌላው ቤቱን ሳያሞቅ ብቻውን ተቀምጦ በሦስተኛው ቀን ይገኛል። ሁለተኛውን ብርድ ገደለው ብለን ብንመዘግብ ዋሽተናል። ብርዱ ለሁለቱም እኩል ነበር። ያልነበረው የሚያንኳኳው ሰው ነው።

አለማየሁንም በዚህ ዓይን ነው የማየው። በዚህች ደሴት ላይ የአገሩን ቋንቋ የሚናገርለት፣ በሌሊት ሲባንን የሚያቅፈው አንድ ሰው ነበረው። ያንን ሰው የወሰደበት የሰሜን ነፋስ አልነበረም፤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ያዛወሩት፣ ወታደር ይሁን ያሉት፣ ወደ ሊድስ የላኩት እነዚያው ናቸው። የአየሩን ጠባይ ተከሳሽ ስናደርግ እነርሱን ከችሎቱ እናስወጣቸዋለን። ነፋስ ደግሞ መልስ አይሰጥም፤ ይቅርታም አይጠይቅም።

አጽሙ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እንዲመለስ ጠይቀዋል፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ማወክ ይሆናል ብሎ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ግን በስፒዲ ቤተሰብ እጅ የቆየ የልጁ የፀጉር ዘለላ ለንደን ለሚገኘው ኤምባሲያችን ተሰጥቷል። ጥያቄው መቀጠል አለበት። ሲቀጥል ግን ታሪኩን እኛ ራሳችን በትክክል እንናገር። መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን የምታስተምሩ፣ እባካችሁ «ብርድ ገደለው» ብላችሁ አትዝጉት። የት እንደነበረ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ፣ ከማን እንደተለየና ማን እንደወሰነበት ንገሯቸው። በዚህ አገር የምትኖሩ ወገኖቼም ኖቬምበር ሲገባ ስልክ ማንሣት የተወውን ወጣት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።